መብራት በመጣ ቁጥር የምታብደው የሪሞት ማራዘሚያዬ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው የገዛኋት፣ ይኸው ፋሲካም አለፈ፣ ስለዚህ «ገና ስላልለመድካት ነው» የሚለኝ ሻጭ ካለ ጆሮ የለኝም። ቀን ቀን እንከን አይወጣላትም፣ ሪሞቱን ስጫን ቻናሉ ይቀየራል፣ በቃ። ችግሯ ማታ ነው፣ ማታም ሁሌ ሳይሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ። ዜና ሊጀምር ሲል መብራቱ ይመጣል፣ ሪሲቨሩ ይነሳል፣ ከዛ ሪሞቱን ብትጫኑ ብትጫኑ ወይ ፍንክች!

ለማታውቋት፣ ይቺ የኢንፍራሬድ ማራዘሚያ የምትባለዋ ናት። እኛ ቤት ሕፃኑ የሪሲቨሩን ቁልፍ እየነካካ ሲያስቸግረን ቡፌው ውስጥ አስገብተን የእንጨቱን በር ዘጋንበት፣ የሪሞት ብርሃን (ኢንፍራሬድ የሚባለው) ደሞ እንጨት አያልፍም። ይቺ ናት እንግዲህ ብርሃኑን ውጭ ተቀብላ በገመድ ወደ ሪሲቨሩ የምታደርሰው። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን፣ ገመድ ጫፍ ላይ ያለች ጥቁር ዐይን እና አራት ቀጫጭን ገመዶች አሉ፣ በየገመዱ ጫፍ በደብል ቴፕ የምትለጠፍ ዳዮድ (የሪሞቱን ብርሃን መልሳ የምታበራ ትንሽ ፍሬ) አለች። ዐይኗን ከውጭ (እኔ ቲቪው አናት ላይ ነው ያደረግኳት)፣ ዳዮዷን ደሞ ሪሲቨሩ ፊት ላይ ካለችው ጠቆር ያለች መስኮት ፊት ለፊት ትለጥፋላችሁ (ትንሽ ከሸሸች አትሠራም፣ በባትሪ እያበራችሁ ፈልጓት)፣ ሳጥኗ በ5 ቮልት ዩኤስቢ ነው የምትሠራው። ጃኮቹ በሙሉ የኤርፎን ዓይነት 3.5 ሚሊሜትር ናቸው፣ ግን የዐይኗ ሦስት መስመር አለው፣ ለኃይል፣ ለግራውንድና ለሲግናል፣ የዳዮዶቹ ሁለት ብቻ ነው፣ አቀያይራችሁ ከሰካችሁት ዝም ነው የምትላችሁ።

ሱቁ ጋ ስመለስ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ብሮ ቮልቴጅ ነው፣ ስታብላይዘር ግዛ»። እሺ ቮልቴጅ ከሆነ ቀን ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ለምን ትሠራለች? «እንግዲያ የሪሞቱ ድንጋይ አልቆ ይሆናል»። ድንጋዩ ማታ ማታ እየመረጠ ነው እንዴ የሚያልቀው?

አንድ ማታ ተናድጄ ዳዮዷን ከሪሲቨሩ ላይ ነቀልኩና በስልኬ የፊት ካሜራ አየኋት። ኢንፍራሬድ በዐይን አይታይም፣ የሪሞት ብርሃን ብዙ ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ የብዙ ስልክ የፊት ካሜራ ግን ነጣ ያለ ሐምራዊ አድርጎ ያሳየዋል፣ የኋላው ብዙውን ጊዜ ያጣራዋል። ሪሞቱ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ ማንም አልነካውም፣ ዳዮዷ ግን ብልጭ ድርግም ብልጭ ድርግም፣ ለራሷ ታወራለች! ተነስቼ የሳሎኑን አምፖል አጠፋሁት፣ ጸጥ አለች። መልሼ አበራሁት፣ ጀመረች።

ለካ ጠላቷ ያ ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሪሞት ዝም ብሎ አያበራም፣ ብርሃኑን በሰከንድ 38,000 ጊዜ አካባቢ እያርገበገበ ነው የሚልከው (አንዳንዱ 36,000 ነው፣ ሶኒ 40,000 ይጠቀማል)፣ ዐይኗ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ደሞ ከዛ ፍጥነት የራቀውን ብርሃን፣ የፀሐዩንም ምኑንም ይጥላል። ቆጣቢ አምፖል ግን ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ጋዙን የሚነዳው በሰከንድ ብዙ አስር ሺህ ጊዜ ነው፣ ማለትም እዛው ሰፈር። በዛ ላይ አምፖሉ ገና ሲበራ ሜርኩሪው ስላልሞቀ ጎልቶ የሚያበራው አርጎን የሚባለው ጋዝ ነው፣ አርጎን ደሞ ኢንፍራሬድ ይረጫል፣ አምፖሉ እየሞቀ ሲሄድ ነው የሚቀንሰው። መብራት በመጣ ቁጥር የምታብደው ለዚህ ነው። ቮልቴጅ ነው ላለኝ ልጅ ይሄን ንገሩልኝ።

«ሪሲቨሩ በፊት እዛው አምፖል ስር ይሠራ አልነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራ ነበር። ሪሲቨር የመጣለትን ያነባል እኮ፣ ለምሳሌ ኤንኢሲ የሚባለው ኮድ 9 ሚሊሰከንድ መነሻ አለው፣ ከዛ 4.5 ሚሊሰከንድ ዝምታ፣ ከዛ 32 ቢት፣ የተጫናችሁት ቁልፍ ኮድ አንዴ ቀጥ ብሎ አንዴ ተገልብጦ ስለሚላክ ሁለቱ ካልገጠሙ ይጥለዋል። የኔዋ ግን ምንም አታነብም፣ እንደ ሰፈር ወሬኛ የሰማችውን ሁሉ እውነት ይሁን ውሸት ሳትለይ ታደርሳለች፣ የአምፖሉ ጫጫታ ከሪሞቱ ኮድ ጋር ተደባልቆ ይሄድና ሪሲቨሩ ግራ ይገባዋል። ደሞ ቲቪው አናት ላይ ሆና ቀጥታ አምፖሉን ነው የምታየው።

ከመድኃኒት ካርቶን ቆርጬ ከላይዋ ግርዶሽ ሠራሁላት፣ ሠራ! ግን አሁን ከጎን የሚመጣውንም አታይም፣ ቻናል መቀየር የሚችለው መሃል ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ሆነ፣ አባቴ ደሞ ይሄን ካወቁ ጀምሮ መሃል ሶፋውን ይዘው አልነሳም አሉ፣ እኛ ኳስ ካማረን እሳቸው እስኪተኙ ነው የምንጠብቀው። በመጨረሻ የሳሎኑን አምፖል በኤልኢዲ ቀየርኩት፣ ከዛ ወዲህ ደህና ናት። አባቴ ግን «የሚሠራ አምፖል አይጣልም» ብለው ቆጣቢውን ኮሪደር ላይ ሰቀሉት፣ መብራት ሲመጣ የኮሪደሩ በር ክፍት ከሆነ ያው ትቀባዥራለች፣ «በሩን ዝጉ!» የሚለው የቤታችን ጩኸት ሆኗል።

እና ሻጮች፣ 850 ብር ስትቀበሉ «ቤትህ ምን አምፖል ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍላል? ስለ አራቱ ገመዶች ብቻ ሰበካችሁኝ፣ ሦስቱ እስካሁን በላስቲክ ተጠቅልለው ካርቶኑ ውስጥ ናቸው። ቤታችሁ በሙሉ ኤልኢዲ ከሆነ ግዟት፣ ቆጣቢ ካለ የአምፖሉንም ብር ደምራችሁ ያዙ፣ ዐይኗንም መብራት ስር እንዳትለጥፏት፣ ከቲቪው በታች ትሁን።

ዛሬ መብራት ስላልሄደ ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻታለሁ። ትናንት ማታ ብጽፈው ኖሮ አንድም አትቀምስም ነበር።