ራኦስ፣ ካርቦኔ ወይስ ቪያ ካሮታ? የኒውዮርክን ጠረጴዛ ለሚፈልጉ

እንግዳ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ያን ቲክቶክ ላይ የሚያሳዩትን የጣልያን ቤት ውሰደን።» ፓስታ በልተን ያደግን ሰዎች ለፓስታ ወር ሙሉ ወረፋ መያዛችን ያስቃል። ግን እንግዳን እምቢ አይሉትም።

ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው ሦስት ቤቶች ናቸው። ሦስቱም ማንሃተን ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም በቀላሉ አይገኙም። አስቸጋሪነታቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ሰው ማወቅ ይፈልጋል፣ አንዱ ፈጣን ጣት፣ አንዱ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው።)

ራኦስ ምሥራቅ ሃርለም ውስጥ፣ 114ኛው ጎዳና ጥግ ላይ ከ1896 ጀምሮ አለ። ያሉት 10 ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ባለቤት አላቸው። ነገሩ እንደ ርስት ነው። የማክሰኞ ማታዋ ጠረጴዛ የእገሌ ናት። እሱ ካልመጣ ለወዳጁ ይሰጣታል፣ ከሞተም ለቤተሰቡ ልትተላለፍ ትችላለች። ይሄ ልማድ የመጣው በ1977 ኒውዮርክ ታይምስ ለቤቱ ሦስት ኮከብ ከሰጠው በኋላ ነው። ሰው ጎረፈ፣ የሰፈሩ ደንበኛ መቀመጫ አጣ። ባለቤቶቹም ጠረጴዛዎቹን ለነባሮቹ ደለደሉና ነገሩ በዚያው ጸና። ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ፍራንክ ፔሌግሪኖ «ፍራንኪ ኖ» ተብሎ ነበር የሚጠራው፤ ማታ ማታ ሥራው «የለም» ማለት ስለነበር። በ2017 ዐረፈ። መልሱ ግን ዛሬም ያው ነው።

ስለዚህ ራኦስ ስልክ በመደወል አይገኝም። ባለ ጠረጴዛ የሚያውቅ ዘመድ ካላችሁ፣ እሰየው። አለዚያ ለበጎ አድራጎት በሚደረግ ጨረታ ላይ የአንድ ማታ ጠረጴዛ አልፎ አልፎ ይቀርባል፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እኔ በበኩሌ የራኦስን ቤት የማውቀው በጠርሙስ ነው። የቲማቲም ሱጎው ከ1992 ጀምሮ ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል።

ካርቦኔ ሌላ ዓለም ነው። ግሪንዊች ቪሌጅ፣ ቶምሰን ጎዳና ላይ በ2013 ተከፈተ። አስተናጋጆቹ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የቄሳር ሰላጣውን አጠገባችሁ ቆመው ነው የሚያዘጋጁት። ለቲያትር የሚከፈል ገንዘብ ነው ብላችሁ ግቡ። ስሙን ያስጠራው ሪጋቶኒ የሚባለው ፓስታ ሳሕኑ ከ30 ዶላር በላይ ነው። ሚሽለን የሚባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠው ኮከብ ነበረው፣ በ2022 ተነጠቀ፤ ወረፋው ግን ያው ነው።

እዚህ ዘመድ አያስፈልግም፣ ሬዚ የሚባለው መተግበሪያ እንጂ። ጠረጴዛው የሚለቀቀው 30 ቀን ቀድሞ፣ ጠዋት ላይ ነው። ሰዓቱን ገጹ ላይ አረጋግጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንድ ጊዜ ሌላ ቤት ለማስያዝ ስንሞክር ባለቤቴን «10 ሰዓት ላይ ስልክሽን ይዘሽ ጠብቂ» አልኳት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር። ስልኳን ይዛ የተቀመጠችው ከሰዓት በኋላ፣ በኛው 10 ሰዓት ነው። እንኳን ጠረጴዛ፣ ወንበርም አልቀረ።

ካመለጣችሁ ግን አትተዉት። መተግበሪያው ላይ ማሳወቂያውን አብሩትና አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ስልካችሁን ከእጃችሁ አታውጡ። ዘግይቶ የሰረዘ ሰው ከካርዱ ላይ በነፍስ ወከፍ ቅጣት ስለሚቆረጥበት፣ ብዙው ሰው የሚሰርዘው ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሲል ነው። ገና በጊዜ ወይም ውድቅት ላይ እራት መብላት የማይከብዳችሁ ከሆነ ዕድላችሁ ይሰፋል።

ደላላ ጋ ግን አትሂዱ። ቦታ በጅምላ ይዘው የሚቸረችሩ ሰዎች በዝተው ስለነበር የኒውዮርክ ግዛት በ2024 መጨረሻ ሕግ አወጣ። ያለ ምግብ ቤቱ ፈቃድ ቦታ ለሽያጭ የሚያቀርብ ድርጅት በቀን እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የሚቀጣው ሻጩ ነው፤ በር ላይ የምትመለሱት ግን እናንተ ናችሁ።

ቪያ ካሮታ ለኔ የሁሉም አንደኛ ነው፤ አድልቼ ከሆነም አድልቼ ነው። ግሮቭ ጎዳና ላይ በ2014 ጆዲ ዊሊያምስና ሪታ ሶዲ ከፈቱት። ካሮታ ማለት የኛው ካሮት ነው። አስቀድሞ የሚያዝ ጥቂት ቦታ አለ፣ ዋናው ግን በእግር ሄዶ ስም ማስመዝገብ ነው። ስልክ ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ይጠሯችኋል። ቅዳሜ ማታ ከሄዳችሁ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። መንገዱን ተሻግራችሁ ባር ፒዜሊኖ መጠበቅ ይቻላል፤ ቤቱ የነዚሁ ሴቶች ነው። በሥራ ቀን ለምሳ ብትሄዱ ደግሞ ጣጣው ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። እንግዶቼ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። የካርቦኔው ሪጋቶኒ ክሬም አለበት፣ በጾም አይነካም። ቪያ ካሮታ ግን አትክልቱ ራሱን የቻለ ዝርዝር አለው። አረንጓዴው ሰላጣ እንደ ደመራ ተቆልሎ ይመጣል፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያነሱ ሲበሉ ወሬው አያልቅም። አይብ አታድርጉበት ማለት እንዳትረሱ።

ለልደት ወይም ለቀለበት፣ ለብሶ ለመታየትም ከሆነ፣ ካርቦኔ። ጓደኛ ወይም እናት ይዞ ለመጨዋወት ቪያ ካሮታ። ስድስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ግን ሁለቱም ያስቸግራሉ። እኔ ባለፈው ሁለት ጠርሙስ ራኦስ ገዝቼ ቤት ቀቀልኩላቸው። አማቴ ቀመሱና ሚጥሚጣው የት እንዳለ ጠየቁኝ።