በጎንደር ያገኘነው የአእምሮ ሕክምና፦ በራሳቸው ላይ ሕመም ለሚፈጥሩ ሕሙማን

ይህን ግምገማ የምጽፈው በጎንደር ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የቅርብ ዘመዴን ሳስታምም ስላየሁት አገልግሎት ነው። ዘመዴ የደም ስኳሯ በተደጋጋሚ እየወረደ ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር፤ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ባሉ ክሊኒኮች በየጊዜው አዲስ ካርድ እየወጣላትና ግሉኮስ እየተሰጣት ትመለሳለች፣ በመካከሉም ጠበል ተጠምቃለች።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ስኳሯ በወረደበት ሰዓት የተቀዳውን ደም ሲያስመረምር የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ከፍ፣ ሲ-ፔፕታይድ የተባለው ንጥረ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ ሲ-ፔፕታይድንም አብሮ ስለሚያወጣ፣ ውጤቱ ኢንሱሊኑ በመርፌ የገባ መሆኑን አመለከተ። በቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኛ እናት ነበሩ።

አገልግሎቱን የማመሰግነው በተለይ ከዚህ በኋላ ለሆነው ነው። ማንም «አታለልሽን» አላላትም። የውስጥ ደዌ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሟ አስቀድመው ተመካክረው አብረው አነጋገሯት፤ ከባድ ጭንቀት ያለበት ሰው አንዳንድ ጊዜ በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ሕክምናዋም እንደማይቋረጥ ነገሯት። ለእኛም ፋክቲሸስ ዲስኦርደር የሚሉት ይህ መታወክ፣ ለፈቃድ፣ ለገንዘብ ወይም ከክስ ለማምለጥ ታምሜያለሁ ከማለት የተለየ መሆኑን አስረዱን፤ ማታለሉ ሆን ተብሎ ቢደረግም ግልጽ የውጭ ጥቅም አይታይበትም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር እ.ኤ.አ. በ1951 ሙንቻውዘን ሲንድረም ብሎ የሰየመው፣ ሕመምተኛው የፈጠራ ታሪክ ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞርበትን ከባዱን መልክ ነው።

ለመታወኩ ራሱ የተለየ መድኃኒት የለም። ስለዚህ አብሮት የተገኘው ድብርት ታከመ፣ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ እንዳላት በጥንቃቄ ተጠየቀች፣ የእናቲቱ ኢንሱሊን በሌላ ሰው እጅ እንዲጠበቅ ተደረገ፤ ቀጠሮዋም ታመመችም አልታመመችም በቋሚነት ከአንድ ሐኪም ጋር ሆነ። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ከሁሉም የበለጠ ብልህነት ያለበት ይመስለኛል፤ የሐኪም ትኩረት ለማግኘት መውደቅ እንደማያስፈልጋት በተግባር ያሳያታልና። አዲስ ምልክት ሲመጣም ሐኪሙ ሳይመረምር «ደግሞ ጀመራት» ብሎ አያልፍም፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በእርግጥም ሊታመም ይችላል።

ጉድለቱ የሚታየው በተመላላሽ ክፍሉ ነው። በሩ እየተከፈተ ሌላ ተራ ጠባቂ ሲገባ እንዲህ ያለ ምስጢር መናገር ከባድ ነው፤ ይህ ሊታረም ይገባል። በሌላ ክፍል ያሉ ሠራተኞችም ዘመዴ እየሰማች «ይቺ አስመሳይዋ ናት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ፣ እጅግም አዝኛለሁ።

ይህን ችግር የሚጠረጥር አስታማሚ ከየክሊኒኩ የተሰጡትን የላቦራቶሪ ውጤቶችና ማዘዣዎች በቀናቸው ቅደም ተከተል ይዞ እንዲሄድ እመክራለሁ። ሐኪሞቹ ከየካርዱ ተበታትኖ የነበረውን የዘመዴን ታሪክ አንድ ላይ ያነበቡት እነዚያን ወረቀቶች አገጣጥመው ነው።