የቴሌግራም ግሩፕን ከስፓም ለመጠበቅ፦ በር ላይ ማጣራት ይሻላል ወይስ ውስጥ መቆጣጠር?

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ የዕድርም የወላጆችም ወሬ ወደ ቴሌግራም ገብቷል። ከለቅሶ መልእክት ሥር «ገንዘብዎን በሳምንት እጥፍ ያድርጉ» የሚል ሊንክ ሲለጠፍ በጣም ያሳዝናል። የሚታለሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልክ ያልለመዱ እናትና አባቶቻችን ናቸው።

በር ላይ ማጣራት፦ የመግቢያ ሊንኩን የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቅ ማድረግ ነው። ቴሌግራም ይህን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።
ውስጥ መቆጣጠር፦ በሩን ክፍት ትቶ ሊንክ የሚያጠፋ ቦት (ሰው ሳይነካው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ማስገባት።

ወጪ፦ የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም፣ የአድሚን ጊዜ ግን ይበላል። ለሁለተኛውም ነፃ ቦቶች አሉ።

አደጋው ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። አጣሪው የማያውቀውን ሰው ያስቀራል፤ ሆኖም የነባር አባል አካውንት ከተጠለፈ ምንም አያግዝም። መልእክቱ የሚመጣው ከምናምነው ሰው ስም ነውና ይህ ከሁሉም ይከፋል። ቦቱ እዚህ ጋ ይበልጣል፣ ሊንኩን የላከው ነባር አባልም ቢሆን ያጠፋዋል። ችግሩ የትምህርት ቤት ሊንክም አብሮ መጥፋቱ ነው። ደግሞም ለቦት መልእክት የማጥፋት ሥልጣን እንጂ አድሚን የመሾም ሥልጣን አትስጡት።

አባላቱ ለሚተዋወቁበት ዕድር በር ላይ ማጣራት ይበቃል፤ የሟች ቤተሰብ ስልክ የሚለጠፍበት ግሩፕ ለማንም ክፍት መሆን የለበትም። በየቀኑ አዲስ ሰው ለሚገባበት የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ማስታወቂያ ግሩፕ ቦት ይሻላል።