ያላለቀ ሆት ሮድ መኪናዬን ላሸጡልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በ1932 እ.ኤ.አ. ሞዴል ፎርድ መኪና ላይ የጀመርኩትን የሆት ሮድ (አሮጌ መኪናን ለፍጥነት አሻሽሎ የመሥራት) ሥራ ሳልጨርስ ለመሸጥ ስወስን ከጎኔ ለቆሙት የጥንት መኪና ገማችና አሻሻጭ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ብዙዎች «ወይ አስጨርሰው፣ ወይ ፈታተህ ሽጠው» ይሉኝ ነበር። እርሳቸው ግን መኪናውን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣ ገዢ ያላየውን ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ስለሚቀንስ፣ ያለውም የጎደለውም በግልጽ ተጽፎ እንዲቀርብ መከሩኝ።

የዚህ ሞዴል ቦዲ ዛሬ በፋይበርግላስም በአዲስ ላሜራም ተመስሎ ስለሚሠራ፣ ከፋብሪካው የወጣው ላሜራ የተለየ ዋጋ አለው። ስለዚህ ማግኔት በፋይበርግላስና በወፍራም ስቱኮ (የላሜራ መሙያ) ላይ ስለማይዝ እያንዳንዱን ክፍል በማግኔት ፈትሸው፣ ስቱኮ የወፈረበትን ቦታ በጠመኔ አክብበው ፎቶግራፍ አነሱ። ቀለም ይቀባ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ቀለሙ ብየዳውን እንደሚሸፍንና አዋቂ ገዢ የተሸፈነን ነገር እንደሚጠራጠር ነገሩኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለ ሞተሩ ነው። ፎርድ በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍላትሄድ የተባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሲጀመር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት መንገድ በራሱ በብሎኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ግን ሙቀት ይበዛበታል፣ ብሎኩም የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ይህን ስለሚያውቁ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተፈትቶ ብሎኩ በማግኔት ዱቄት እንዲመረመር አደረጉ። በአንድ ቫልቭ መቀመጫ አጠገብ ስንጥቅ ሲገኝም በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ አሰፈሩት። ዋጋው ዝቅ ማለቱ አልቀረም፤ ነገር ግን የመጣው ገዢ ሁሉን አውቆ ስለመጣ፣ በመጨረሻው ሰዓት ድርድሩን የሚያፈርስ ነገር አልተነሳም። ለእኔ ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል።

የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክረዋል፤ የተፈቱትንም ዕቃዎች በየሳጥኑ ለይተው ስም ጽፈውባቸዋል። ክፍያቸውን የተቀበሉት ሽያጩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሥራቸው ጊዜ ይወስዳልና በጥድፊያ መሸጥ ለሚፈልግ ሰው አይመቹም፤ በጋራዡ የቆመ ጅምር መኪና ላለውና ለሚገባው ሰው ማስተላለፍ ለሚሻ ግን ያለ ማመንታት እጠቁማቸዋለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ሊብሬውን ፈልጋችሁ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እርሱ ነው።