ከታይዋን ገበያ አቅራቢያ ስላለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለችኝ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) እና 4 ጊጋ ራም (በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማህደር) ያለው ሲሆን፣ የደንበኛ ሰነድ፣ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምና ኢንተርኔት በአንድ ላይ ሲከፈቱበት መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ራም መጨመር እንዳለብኝ ስለማውቅ ከአንድ ሻጭ 8 ጊጋ ዲዲአር3 (ማሽኔ የሚቀበለው የራም ትውልድ) ገዛሁ፤ ዋጋው ሌሎች ሱቆች ከጠሩልኝ በእጅጉ መርከሱ በጊዜው አስደሰተኝ እንጂ አላጠራጠረኝም። ወስጄ ስሰካው ግን ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ሁለት ጊዜ ይጮህ ጀመር። ወደ ሻጩ ብመለስ «ራሙ አዲስ ነው፤ ያረጀው ማዘርቦርድህ ነው» ብሎ፣ ጥፋቱን ሁሉም ክፍሎች በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ ላይ አላክኮ ሸኘኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰም።

ሌላ ማዘርቦርድ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት የገባሁበት፣ እዚህ የምገመግመው ሱቅ ከታይዋን ገበያ ብዙም አይርቅም። የማስታወቂያ ሰሌዳ የለውም፤ በመስኮቱ የተደረደሩት የተፈቱ ፓወር ሰፕላዮች ናቸው ሥራውን የሚናገሩለት። ባለሙያው ራሙን ብቻ ይዤ በመሄዴ አልተደሰተም፤ በተለምዶ ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ካላመጣሁ ምንም እንደማይል ነግሮኝ መለሰኝ። በማግስቱ ሳጥኑን በባጃጅ ጭኜ፣ በጭኔ አቅፌ አመጣሁት።

የሥራው ቅደም ተከተል ለሱቁ ያለኝን አስተያየት የወሰነው ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ የማስነሻ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች በመጫን በውስጡ የቀረውን ኃይል አራገፈ። ከዚያ ራሞቹን በሙሉ አውጥቶ፣ የድሬዳዋ አቧራ የሸፈነውን ስሎት (የራም መሰኪያ) በብሩሽ ጠረገ፤ የራሞቹን ወርቅማ ጥርሶችም በላጲስ አሸ። ከአሮጌዎቹ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ራሞች አንዱን ብቻ በመጀመሪያው ስሎት ሲሰካ ኮምፒውተሩ ተነሣ። ያንኑ ራም እያዘዋወረ አራቱንም ስሎቶች ከፈተሸ በኋላ፣ አረጀ የተባለው ማዘርቦርድ ጤነኛ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። አዲሱን ግን ለብቻውም ከሌሎቹ ጋርም፣ የባዮሱን (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ባትሪ አውጥቶ ከመለሰም በኋላ ቢሞክረው ያው ሁለት ጩኸት ብቻ ሆነ፤ በእነዚህ የዴል ማሽኖች ይህ ጩኸት ራም አልተገኘም ማለት ነው።

ራሙን ወደ ብርሃን አዙሮ ቺፖቹን ካየ በኋላ «አቦ፣ ይሄ እኮ የኤኤምዲ ነው!» አለኝ፤ ኤኤምዲ የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነ የፕሮሰሰር ኩባንያ ነው። ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ጊዜ የሚለዋወጠው 64 ቢት ነው፤ በተለመደው የዴስክቶፕ ራም ይህን ስምንት ቺፖች እያንዳንዳቸው 8 ቢት እየሰጡ ይሞሉታል። የእኔው ግን እያንዳንዳቸው 4 ቢት ብቻ የሚሰጡ አሥራ ስድስት ቺፖች የተደረደሩበት ነበር። አንዳንድ የኤኤምዲ ማሽኖች ይህን አደራደር ሲቀበሉት፣ በእኔ ዓይነቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ራሙ አልተበላሸም፤ ማሽኔም አልተበላሸም፤ ሁለቱ አይግባቡም እንጂ። ርካሽነቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለሙያው በዚህ ሳይወሰን የራም ተለጣፊ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ አሳየኝ። «ፒሲ3-12800ዩ» ከሚለው ውስጥ 12800 የሚለው ቁጥር የ1600 ፍጥነት በ8 ባይት ተባዝቶ የመጣ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ «ዩ» የተራ ዴስክቶፕ መሆኑን ታመለክታለች፤ በቦታዋ «አር» ካለች የሰርቨር ራም ነውና የእኔ ማሽን አያስነሣውም፤ «ኤስ» ከሆነች ደግሞ አጭሩ የላፕቶፕ ራም ነው። የቮልቴጁን ነገር ስጠይቀው፣ 1.35 ቮልት የተጻፈበት ዲዲአር3 በተለመደው 1.5 ቮልትም እንደሚሠራ ነገረኝ። ዲዲአር4 ግን ባለ 288 ፒን በመሆኑና መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳም ስለሚለይ በባለ 240 ፒኑ ስሎት ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም።

በመጨረሻ ሁለት ተመሳሳይ ባለ 4 ጊጋ ራሞች በጥንድ ስሎቶቹ ላይ ሰካልኝ፤ ክፍያውን የተቀበለኝም በራሴው ማሽን ላይ ሲሠሩ ካየሁ በኋላ ነው። የአሮጌዎቹ ፍጥነት 1333 ስለሆነ እነሱን ጨምሬ 12 ጊጋ ካደረግሁት ሁሉም ወደ 1333 እንደሚወርዱ አስቀድሞ ነገረኝ፤ ለእኔ ሥራ ከፍጥነቱ ይልቅ ብዛቱ ስለሚበልጥብኝ እንዲጨመሩ መረጥሁ። ዊንዶውሱ ሲከፈት ግን 12 ጊጋ እንዳለ ጽፎ ከ4 ጊጋ በታች ብቻ እንደሚጠቀም አሳየን። ምክንያቱ የተጫነው፣ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም የማይችለው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ መሆኑ ነበር፤ ስለዚህ በባለ 64 ቢት መተካት ግድ ሆነ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዊንዶውሱን ሲቀይር ሰነዶቼን በጥንቃቄ ቢያስቀምጥልኝም ፓወር ግዕዝንና የፕሪንተሩን ድራይቨር መልሶ ስላልጫነ፣ አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒውተር ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቴ ገባሁ፤ ለማስተካከል ሌላ ግማሽ ቀን አለፈብኝ። ዋስትናው በቃል ብቻ ነው፤ ደረሰኝም እስክጠይቅ ድረስ አልተቆረጠልኝም። ራሞቹን ሜምቴስት86 በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሲፈትሻቸው መብራት ጠፍቶ ፈተናው እንደገና መጀመሩን በእሱ ላይ አልቆጥርም፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ አለመኖሩ ያስገርማል። እንደ አብዛኛው የከተማው ሱቅ ከቀትር በኋላ ለበርጫና ለሙቀቱ ስለሚዘጋ፣ መሄድ የሚሻለው ጠዋት ነው።

ያም ሆኖ ሌላ ራም የሚያስፈልገኝ ቀን የምመለሰው ወደዚሁ ሱቅ ነው። ያልሆነኝን ባለ 8 ጊጋ ራም ኤኤምዲ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ሊሸጥልኝ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ገዢ አልመጣም።