ለአሮጌ የድንጋይ ቤት ግድግዳ፦ ፎምና ሲሚንቶ ወይስ ኖራና ፑሚስ?

በአዳማ የድሮ የድንጋይ ቤት የወረሱም የገዙም ወዳጆቼ ሙቀቱን ለመከላከል ግድግዳውን በምን ቢያስለስኑት እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሁለቱንም በገዛ ቤቴ ከፍዬበት አይቻቸዋለሁና የምመርጠው ኖራን ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ነው።

መጀመሪያ ያሠራሁት ፎም አስለጥፌ በላዩ ሲሚንቶ በማስለሰን ሲሆን፣ ለአንድ ሳሎን ከነእጅ ዋጋው 46,000 ብር ወጣብኝ። ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ ልስኑ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ አበጠ፤ በጣቴ ሳንኳኳው የባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠ። አንዱን ቁራጭ ፈልቅቄ ሳነሣው የፎሙ ጀርባ ረጥቦ፣ ድንጋዩ ላይም እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ጨው ተጋግሮ አገኘሁ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙውን ጊዜ መሠረታቸው ላይ እርጥበት የሚያግድ ነገር ስላልተነጠፈ ግድግዳው ከመሬት ውኃ ይስባል፤ ቀድሞ በጭቃውና በኖራው በኩል ይተን የነበረው ውኃ ፎምና ሲሚንቶ ሲዘጉበት መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ የረጠበ ግድግዳ ደግሞ ከደረቀው ይልቅ ሙቀትም ብርድም ያሳልፋል። ያንን ማስፈቅፈቅ ብቻ ሌላ 9,500 ብር አስከፈለኝ።

ኖራ ውድ ነው የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ነው። 60 ካሬ ሜትር ግድግዳ በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲለሰን 1.8 ሜትር ኩብ ልስን ይፈልጋል፤ አንድ እጅ ለሦስት እጅ አሸዋ ሲቦካ ሲሚንቶ ወደ 8 ኩንታል ሲበላ፣ በክብደቱ ቀላል የሆነው የኖራ ዱቄት ግን ከ3 እስከ 4 ኩንታል ይበቃዋል። ከአሸዋው ከፊሉን ብሎኬት አምራቾች በሚጠቀሙበት ፑሚስ መተካት ይቻላል፤ ፑሚስ በውስጡ አየር ስለያዘ ሙቀትን ይገታል፣ ደቃቁም ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ልስኑን ያጠነክረዋል። በእጅ ዋጋ ኖራ ይበልጣል፤ በሦስት ዙር ይለሰናል፣ በየዙሩም ቀናት ይጠበቃል፣ በአዳማ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ውኃ እየተረጨ ይጠበቃል። ገንዘብ ላጠረው ሰው ለውስጥ ግድግዳ ጭቃ በጭድ ከሲሚንቶ ይሻላል። ቤቱ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ሙቀቱ በብዛት የሚገባው ከላይ ነውና ብሩ አስቀድሞ ለኮርኒስ ይዋል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ አስመሳዩ ኖራ ነው። አሲዳማ የእርሻ መሬት ለማከም የሚውለው ኖራ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ልስን አይዝም፤ እኔ ሳላውቅ ሦስት ኩንታል ገዝቼ ያስለሰንሁት ግድግዳ በመዳፌ ስዳብሰው እንደ አመድ ረግፏል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ ሎሚ ይጭመቅበት፤ ክፉኛ ከተፍለቀለቀ ወይ ያልተቃጠለ ነው፣ ወይ መጋዘን ውስጥ ቆይቶ ኃይሉን የጨረሰ ነው።