የቤልፋስት የእግር ጉብኝት፦ ግማሹ በአንዱ ወገን፣ ግማሹ በሌላው

የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት ሄዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ፣ ታይታኒክ ሙዚየምን ተዉትና ይሄን የእግር ጉብኝት ያዙ። የመርከቧን ታሪክ ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ። ይሄኛውን፣ የከተማዋን የሁለት ወገን ጠብ፣ ግን በደንብ የሚነግሯችሁ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጉብኝቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ በፎልስ ሮድ በኩል የሚመራችሁ ከሪፐብሊካኖቹ (ለአንድ አየርላንድ መሣሪያ ካነሱት) ጋር ተሰልፎ የታሰረ ሰው ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በሻንኪል ሮድ የሚመራችሁ ደግሞ በሎያሊስቶቹ (ከብሪታንያ ጋር ለመቆየት መሣሪያ ባነሱት) ወገን ሆኖ የታሰረ ሰው። መሀል ላይ፣ ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየው ግንብ ጋ ስትደርሱ፣ አንዱ ለሌላው ያስረክባችኋል። ሁለቱም ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1921 ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ቀረ። እዚያ ናሽናሊስት የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ካቶሊክ የሆኑት፣ አንድ አየርላንድ ይፈልጋሉ። ዩኒየኒስቶቹ፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት የሆኑት፣ ከብሪታንያ ጋር መቆየት ይፈልጋሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የጉድ ፍራይደይ የሰላም ስምምነት ድረስ በሁለቱ ጠብ ከ3,500 በላይ ሰው ሞቷል። ጠቡ ከሩቅ ሲያዩት የሃይማኖት ይመስላል። ግን በጸሎት ሥርዓት የተነሳ የተጋደለ ሰው የለም። አገሩ የማን ነው? ቤትና ሥራ ለማን ይሰጣል? የማን ባንዲራ ይሰቀላል? ጥያቄው ይሄ ነው።

የምንጀምረው ዲቪስ ታወር ከሚባለው ረጅም ሕንፃ ሥር ነው። የብሪታንያ ጦር የሕንፃውን የመጨረሻ ሁለት ፎቆች ይዞ ሰፈሩን ከላይ ይቃኝ ነበር። ወታደሮቹ በሄሊኮፕተር እየመጡ ጣሪያው ላይ ያርፉ ነበር። ከሥር ቤተሰብ ይኖራል፣ ከላይ ጦር አለ። አስጎብኚያችን ይሄን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ትንሽ ወደ ላይ ስትሄዱ የአይአርኤ (የሪፐብሊካኖቹ ታጣቂ ድርጅት) አባል የነበረው የቦቢ ሳንድስ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ፣ ፈገግ ብሎ። በ1981 እስር ቤት ውስጥ የርሃብ አድማ ላይ እያለ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ66ኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። ከእሱ በኋላ በዚያው አድማ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ቦምቤይ ስትሪት ነው። መንገዱ በኦገስት 1969 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ዛሬ ቤቶቹ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ቆመዋል። ግንቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከታች ኮንክሪት፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከላይ ሽቦ፤ ከቤቶቹ ጣሪያ ይበልጣል። የአንዳንዱ ቤት ጓሮ ከግንቡ ማዶ የሚወረወር ነገር እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል። አንዱ ጋ ቆም ብዬ አየሁ። ሽቦው ላይ የጡብ ስባሪ አርፏል። ከሥሩ የታጠበ የልጅ ልብስ ተሰጥቷል። ሰው እዚያ ይኖራል፣ ልጅ ያሳድጋል። መንግሥት በ2013 እነዚህን ግንቦች በ2023 አፈርሳለሁ ብሎ ነበር። ዓመቱ አልፎም ቆመዋል። ከመንግሥት ይልቅ ለነዋሪው አዘንኩ። ግንቡን የማይወደው ሰው ራሱ፣ ነገ ይነሳ ቢባል እንቅልፍ የሚያጣ ይመስለኛል።

ርክክቡ የተደረገው ላናርክ ዌይ ላይ ያለው የብረት በር አጠገብ ነው። ይሄ በር ማታ ይዘጋል። በኤፕሪል 2021 ከሁለቱም ወገን ወጣቶች ተጋጭተውበታል፣ አውቶቡስም ተቃጥሏል። ሁለቱ አስጎብኚዎች እጅ ተጨባበጡ። አንዱ የሌላውን ጉልበት እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀው። ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርዒት አልመሰለኝም። ዕርቅ ተደረገ፣ ሁሉም ተረሳ የሚል ንግግርም አልነበረም። በሐሳብ አልተስማሙም፣ እንስማማም አላሉም።

ሻንኪል ስትገቡ ሁሉም ነገር ይቀየራል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቷል። የብሪታንያ ባንዲራ በየቦታው ነው። ሁለተኛው አስጎብኚ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ነው። የ1916ን ነገር እዚህ ስሙልኝ። ፎልስ ላይ 1916 ማለት ደብሊን ላይ በብሪታንያ ላይ የተነሳው የፋሲካ አመፅ ነው። ሻንኪል ላይ 1916 ማለት ጁላይ 1 ቀን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሶም በሚባለው ውጊያ ላይ የ36ኛው የአልስተር ክፍለ ጦር ልጆች ለብሪታንያ የረገፉበት ነው። ያው ዓመት ነው። በእግር ከሚደረስበት ርቀት ላይ አንዱ ግድግዳ አንዱን ያለቅሳል፣ ሌላው ግድግዳ ሌላውን። በመጽሐፍ ባነበው እንደዚህ አይገባኝም ነበር።

ስለ ጁላይ 12ም ጠየቅነው። በ1690 ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም በቦይን ወንዝ ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ያሸነፈበት በዓል ነው፤ ዋዜማው ማታ ትልልቅ ደመራ ይነዳል። አንዳንዱ ላይ የአየርላንድ ባንዲራ አብሮ ይቃጠላል። ሰውየው ደመራው የልጅነት በዓሉ መሆኑን ነገረን፣ የባንዲራውን ማቃጠል ግን እንደማይወደው። ስለ አሁኑ ጊዜም ሥጋት አለው። በ2021ዱ ቆጠራ ካቶሊክ የሆነው ወይም በካቶሊክ ቤት ያደገው 45.7 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 43.5 በመቶ ሆኗል። በ2024 ሚሼል ኦኒል የመጀመሪያዋ ናሽናሊስት ፈርስት ሚኒስትር (የሰሜን አየርላንድ መንግሥት መሪ) ሆናለች። ለፎልስ ይሄ ደስታ ነው። ለእሱ ቤቱ ከእጁ እየወጣ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የጉብኝቱ የመጀመሪያ ክፍል ከተመደበለት ጊዜ አለፈ። ሁለተኛው ተጣደፈ። ለሁለቱ ወገን እኩል ጆሮ እሰጣለሁ በሚል ጉብኝት ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ቡድኑም በዝቷል፤ መኪና ሲያልፍ ከኋላ ያለነው ምንም አንሰማም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። በኦክቶበር 1993 አይአርኤ ሻንኪል ላይ አንድ አሣ ቤት ውስጥ ቦምብ አፈነዳ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው። ቦምቡን ካመጡት አንዱም ሞተ። የመጀመሪያው አስጎብኚ ይሄን አላነሳም። ሁለተኛው በዝርዝር ነገረን። ግን ከሳምንት በኋላ ሎያሊስቶች ግሬይስቲል የምትባል መንደር መጠጥ ቤት ገብተው 8 ሰው መግደላቸውን እሱም ዘለለው። ሁለቱም የየራሳቸውን ሐዘን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ከሞቱት ከግማሽ በላይ ደግሞ መሣሪያ ያልያዙ ሲቪሎች ናቸው። ልጇን የቀበረች እናት በጉብኝቱ ውስጥ ድምፅ የላትም። አዘጋጆቹ አሥር ደቂቃ እንኳ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ቢሰጡ አምስተኛዋን ኮከብ በደስታ እሰጥ ነበር።

ስለዚህ ስትሄዱ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ስለ ሻንኪል ቦምብ፣ ሁለተኛውን ስለ ግሬይስቲል። ጥያቄ አይጠሉም። አንድ ሴትዮ የመጀመሪያውን ፊት ለፊት ሰው ገድለህ ታውቃለህ ወይ ብላው ነበር፤ ስለዚያ እንደማይናገር ገልጾላት፣ ሳይቆጣ ቀጠለ።

ጃኬት ያዙ፣ ዝናቡ አይታመንም። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። በጁላይ 12 ሰሞን ሰልፍ ስላለ መንገድ ይዘጋል፤ ሌላ ጊዜ ምረጡ። ከደብሊን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ክፍያው ግን በዩሮ ሳይሆን በፓውንድ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ አታዩም፤ ያ ግን አያዘናጋችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ሰዎች የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም ለሰሜኑ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።